ከዩዊንግ ቀጥሎ ማን ይቀመጥ? የጆርጅታውን ታላላቆች ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጀመረው ክር፣ ማለት ተከታታይ የምላሾች ውይይት፣ ከፋች ጥያቄውን ያቀረበው ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ካፈራቸው ተጫዋቾች ሁሉ የላቀው ማን እንደሆነ ጠየቀና፣ መልስ ሳይጠብቅ አለን አይቨርሰንን አንደኛ፣ ፓትሪክ ዩዊንግን ሁለተኛ፣ አሎንዞ ሞርኒንግን ሦስተኛ፣ ዲኬምቤ ሙቶምቦን አራተኛ፣ ጄፍ ግሪንን አምስተኛ አድርጎ ደረደረ። ምክንያቱ አጭር ነበር፤ አይቨርሰን በሁለት የውድድር ዘመን ቆይታው በጨዋታ በአማካይ ወደ 23 ነጥብ ማስቆጠሩ፣ በዚህም በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የሚስተካከለው አለመኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በኤን.ቢ.ኤ. (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት፣ ማለት በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በአንደኛነት መመረጡ እና አንድ ትውልድ ሙሉ ከፀጉሩ እስከ ጫማው እርሱን መምሰሉ። መድረኩ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚበዙበት ስለሆነ፣ ቡድኑን በታክሲ ሬዲዮ የተከታተሉ አባቶችም፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆችም ብዙ ሳይቆዩ ተሰባሰቡ።

ምላሽ 1 የድጋፍ ነበር፤ ጸሐፊው አይቨርሰን ኳሷን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሻግር የተከላካዮች እግር እንዴት ይተሳሰር እንደነበር አስታውሶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ክርክሩን ያስነሣው ግን ምላሽ 2 ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ ተሳታፊ ከፋቹን ልጄ እያሉ፣ በፍጹም ትሕትና፣ የምንመዝነው ተጫዋቹ የጆርጅታውንን መለያ ለብሶ በሠራው ነው ወይስ ከዚያ ከወጣ በኋላ በፊላደልፊያ፣ በኒውዮርክና በማያሚ በሠራው ነው ብለው ጠየቁት። ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ ቢሰጠው ኖሮ ከክሩ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። ከፋቹ ግን ዝም አለ፤ ሌሎቹም እንደየፍላጎታቸው አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሚዛን እየመዘኑ ቀጠሉ።

ምላሽ 3 ቁጥር ይዞ መጣ። ዩዊንግ ከ1981 እስከ 1985 በቆየባቸው አራት የውድድር ዘመናት ቡድኑ 121 ጨዋታ አሸንፎ በ23 ብቻ መሸነፉን፣ ከአራቱ ዓመታት በሦስቱ ለአገር አቀፉ የፍጻሜ ጨዋታ መድረሱን፣ በ1984 ደግሞ ሃኪም ኦላጁዎን የሚባለው ተጫዋች የነበረበትን የሂውስተን ዩኒቨርሲቲን 84 ለ75 ረትቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ ያለውን ብቸኛ የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ ኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር) ዋንጫ ማንሣቱን ዘረዘረ። ዩዊንግ የዚያ ውድድር ኮከብ ተጫዋች መባሉን፣ በሪባውንድም (ተስተው የተመለሱ ኳሶችን በመያዝ) ባገዳቸው ኳሶችም ብዛት የዩኒቨርሲቲው ክብረ ወሰን እስካሁን በእጁ መሆኑን ጨምሮ፣ ዝርዝሩን የሠራው ሰው የትኛውን ዩኒቨርሲቲ እያሰበ እንደሠራው ስላልገባው መደነቁን ገለጸ። የመጀመሪያዋ ሹል ቃል እዚህ ላይ ገባች።

ከፋቹ በምላሽ 4 ተመልሶ፣ በሂውስተኑ ፍጻሜ ዩዊንግ ያስቆጠረው 10 ነጥብ ብቻ እንደነበር ጻፈ። እውነት ነው። ነገር ግን ያንን ቡድን በነጥብ መመዘን አለማወቅ ነው፤ ይህንንም ምላሽ 5 ጥሩ አድርጎ አሳየ። ከፍጻሜው ሁለት ቀን በፊት በሲያትል በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ኬንታኪ በመጀመሪያው አጋማሽ በ7 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ከወረወራቸው 33 ኳሶች ያስገባው 3 ብቻ ነበር፤ ጨዋታውም 53 ለ40 አለቀ። ሁለት ግዙፍ የመሀል ተጫዋቾች የነበሩት ቡድን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀለበቱ የጠፋበት ከቀለበቱ ሥር ማን ቆሞ ስለነበር ነው ሲል ምላሹ ይጠይቃል። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ምላሽ 6 ሁለቱንም ያስታረቀ ይመስላል፤ በዚያ ፍጻሜ 19 ነጥብ በማስቆጠር ጨዋታውን የያዘው ገና አንደኛ ዓመት የነበረው ሬጂ ዊሊያምስ መሆኑን አስታውሶ፣ ይህ ልጅ በዝርዝሩ ውስጥ አለመግባቱን በቁጭት አነሣ። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ ኋላ ግን ይመለሳል።

ምላሽ 7 የአንድ የታክሲ ሾፌር ትዝታ ነው፤ ከክሩ ሁሉ ይበልጥ የወደድሁትም እርሱን ነው። ሰውዬው የ1985ቱን የቪላኖቫ ፍጻሜ የሰሙት በመኪናቸው ሬዲዮ ነበር። የጫኑት ተሳፋሪ ከሚወርድበት ሆቴል በር ከደረሰ በኋላ እስኪያልቅ ልስማ ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ታክሲ የሚከፈለው በዞን እንጂ በቆጣሪ ስላልነበረ፣ ሾፌሩ ለጠበቁበት ሰዓት የሚያገኙት አልነበረም፤ ግን ውረድ ለማለትም አልፈለጉም፣ እርሳቸውም መስማት ፈልገው ነበርና። ቪላኖቫ ከወረወራቸው 28 ኳሶች 22ቱን አስገብቶ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ብቻ ስቶ፣ 66 ለ64 አሸነፈ። ተሳፋሪው ምንም ሳይናገር ሂሳቡን ከፍሎ ወረደ። ሾፌሩ በመጨረሻ ያከሉት ነጥብ ለክርክሩ ይጠቅማል፤ ያ ጨዋታ የኮሌጅ ቡድኖች በተወሰነ ሴኮንድ ውስጥ ኳሷን እንዲወረውሩ የሚያስገድድ ሰዓት ከመደንገጉ በፊት የተደረገ የመጨረሻው ፍጻሜ ስለነበር፣ ቪላኖቫ ኳሷን ይዞ የልቡን እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር። የዩዊንግ ቡድን ሁለተኛ ዋንጫ ያጣው ደክሞ አይደለም ነው የሚሉት።

ምላሽ 8 ስለ አሮጌው የታክሲ ዞን ካርታ ሌላ ወግ ጀመረ፤ እርሱን እናልፈዋለን።

ክሩ የጋለው በምላሽ 9 ነው። ጸሐፊው፣ ኤሪክ ፍሎይድ የሌለበት የጆርጅታውን ዝርዝር ዝርዝር አይባልም ብሎ ጀመረ። በቅጽል ስሙ ስሊፒ የሚባለው ፍሎይድ ከ1978 እስከ 1982 ተጫውቶ 2,304 ነጥብ በማስቆጠር የዩኒቨርሲቲው የምንጊዜም ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ እንደሆነ፣ ይህንንም ያደረገው በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሦስት ነጥብ መስመር ከመሠመሩ በፊት መሆኑን፣ በአራቱም ዓመት ዩዊንግ በመጣበት ዓመት ጭምር የቡድኑ ቀዳሚ አስቆጣሪ እንደነበር አስረዳ። ምላሽ 10 ፍሎይድ ማን እንደሆነ ሰምቶ እንደማያውቅ የጻፈ ወጣት ነው። ምላሽ 11 ለወጣቱ የሰጠው መልስ ጨካኝ ነበር፤ አባቱ ከተማውን ሲያስጎበኘው ይህን ሳይነግረው መቅረቱን በመገረም ጠቅሶ፣ የማያውቁት ነገር ላይ ከመፍረድ ማንበብ እንደሚቀድም መከረው። የመድረኩ አስተናባሪ በምላሽ 12 የሰው አባት ማንሣት እንደማይፈቀድ አስጠንቅቆ ወጣ።

ምላሽ 13 ደግሞ የተቆጣውን ትቶ ነገሩን አብራራ። የካቲት አጋማሽ 1980 ላይ ጆርጅታውን፣ በሜዳው 57 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የነበረውን የሲራኪውስ ዩኒቨርሲቲን ለመግጠም ሄደ፤ ሲራኪውስ ያንን አሮጌ አዳራሽ ለቅቆ ወደ ትልቁ ስታዲየም ሊዛወር የመጨረሻ ጨዋታው ነበርና በዓል ተደግሶ ነበር። ጆርጅታውን ከኋላ ተነሥቶ ሲደርስ፣ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ፍሎይድ ሁለት ቅጣት ምት ወረወረና ሁለቱንም አስገባ፤ 52 ለ50። አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ከጨዋታው በኋላ አዳራሹ በይፋ መዘጋቱን አወጀ። ሁለቱ ቡድኖች ይጫወቱበት የነበረው የኮሌጆች ሊግ፣ ቢግ ኢስት፣ በተመሠረተበት በመጀመሪያው ዓመት ላይ የሆነ ነገር ነው፤ የጆርጅታውንና የሲራኪውስ ጠብ የተወለደው ያን ምሽት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔን ብትጠይቁኝ በምላሽ 2 ሚዛን ሲመዘን ሁለተኛው ፍሎይድ ነው። ዩዊንግ ይህን ቡድን ለመምረጥ ያሰበው የሚመረጥ ቡድን ስለነበረ ነው፤ ያንንም የሠሩት ቶምፕሰንና ይህ ከሰሜን ካሮላይና ጋስቶኒያ የመጣ ልጅ ናቸው።

ጋስቶኒያ የምትለውን ቃል ምላሽ 14ም አንሥቷታል፤ ጆርጅታውን በተሸነፈበት በ1982ቱ ፍጻሜ ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ 28 ነጥብ ያስቆጠረው ጄምስ ወርዚም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ ክሩ ወደዚያ ምሽት ገብቶ ለመውጣት ጊዜ ፈጀበት። በኒው ኦርሊንስ ከ61,000 በላይ ሰው በተገኘበት በዚያ ጨዋታ፣ የአንደኛ ዓመቱ ዩዊንግ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወደ ቀለበቱ የሚወርዱ ኳሶችን ደጋግሞ እየመታ ሲያባርር፣ ሕጉ ስለማይፈቅድ ለካሮላይና ነጥብ እየተቆጠረላት፣ የካሮላይና የመጀመሪያዎቹ ስምንት ነጥቦች በሙሉ እንዲሁ ተገኙ። ምላሽ 15 ይህንን የልጅ ስሕተት አለው። ምላሽ 16 ግን ተቃወመ፤ ያ የቶምፕሰን ትእዛዝ ነበር፣ ወደዚህ ሰው ሜዳ የሚገባ ዋጋ እንደሚከፍል ከጅምሩ ማሳየት ነው አለ። ከዚያ ማይክል ጆርዳን ከግራ በኩል ወርውሮ ያስገባት ኳስ መጣች፤ ከዚያም የጆርጅታውኑ ፍሬድ ብራውን የቡድን ጓደኛው መስሎት ኳሷን በቀጥታ ለወርዚ የሰጠባት ቅጽበት። ጨዋታው 63 ለ62 አለቀ። ምላሽ 17 የጻፈው ሰው ስለ ኳሷ ምንም አላለም፤ ቶምፕሰን ወዲያው ብራውንን ደረቱ ላይ አቅፎ መቆየቱን ብቻ አስታወሰ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያትል ላይ ዋንጫው ሲነሣ ያው ብራውን ከቶምፕሰን ጋር ሲተቃቀፍ መታየቱንም ጨመረ።

በምላሽ 18 አንዲት እናት ገብተው ክርክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰዱት። ተቃዋሚ ደጋፊዎች ዩዊንግ ማንበብ አይችልም የሚል ጽሑፍ ይዘው ሲሳለቁበት፣ የሙዝ ልጣጭም ሲወረውሩበት የነበረው በዚያ ዘመን፣ እርሱ ለእናቱ ዲግሪ ሳልይዝ አልወጣም ብሎ የገባውን ቃል እናቱ በ1983 ካረፉ በኋላም ጠብቆ፣ በ1985 በአራት ዓመቱ ተመርቆ መውጣቱን ጻፉ። ልጆቻችሁን ስለ ታላቅ ተጫዋች ስታስተምሩ ይህንንም ንገሯቸው ብለው ደመደሙ። ምላሽ 19 በአክብሮት እሺ እማማ ብሎ፣ ሆኖም ዲግሪ በሜዳ ላይ ነጥብ እንደማይሆን አስታወሰ። ትክክል ነው፤ ግን ትንሽ ድፍረት ነበረበት።

የሞርኒንግና የሙቶምቦ ጉዳይ ከምላሽ 20 እስከ 24 ተንዛዛ። ሙቶምቦ ሐኪም ለመሆን አስቦ ከኪንሻሳ በትምህርት ዕድል መጥቶ፣ ቋንቋው ሳይያዝለት በረጃጅም እግሩ በግቢው ሲሄድ የታየ ልጅ ነበር፤ መጫወት የጀመረው በሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከሞርኒንግ ጋር በቆሙባቸው ዓመታት በካፒታል ሴንተር አዳራሽ ከቀለበቱ ጀርባ የሚቀመጡ ተማሪዎች፣ ኳስ በታገደ ቁጥር የተዘረጋ እጅ ቅርጽ በትልቅ ጨርቅ ላይ እየለጠፉ ይቆጥሩ ነበር። ላንድኦቨር ያለው ያ አዳራሽ ፈርሶ ዛሬ የለም፤ ከምላሾቹ አንዱ በእነዚያ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ የተለጠፉትን እጆች ቆጥሬያለሁ ይላል። ሙቶምቦ በአንድ የሴንት ጆንስ ጨዋታ ብቻ 12 ኳስ ማገዱን የጠቀሱ ነበሩ። ለሞርኒንግ የቆመው ምላሽ 22 ግን ማስረጃው ይከብዳል፤ ሞርኒንግ በ1992 የመጨረሻ ዓመቱ በጨዋታ 21.3 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድና 5 የታገዱ ኳሶች አማካይ ይዞ የቢግ ኢስት ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ሙቶምቦ ግን የቡድኑ ዋና ሰው የሆነበት ጊዜ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዓመት ነው። ምላሽ 23 ሙቶምቦ በእናቱ ስም በኪንሻሳ ያሠራውን፣ በ2007 የተከፈተውን ሆስፒታል አንሥቶ፣ በ2024 ስላረፈው ስለዚህ ሰው ክፉ የሚናገር ካለ ከእርሱ ጋር እንደሚጣላ ዛተ። ማንም ክፉ አልተናገረም ነበር።

ከዚያ ቶምፕሰን ራሱ አጀንዳ ሆነ። በቢሮው ያስቀመጣት አየሯ የወጣ ኳስ፣ ሕይወት ከጨዋታ በኋላም እንዳለች ተጫዋቾቹን እንድታስታውስ መሆኗ፣ በ1989 በትምህርት ፈተና ውጤት ሰበብ የድሆችን ልጆች ከትምህርት ዕድል የሚያስቀር ሕግ ሲወጣ ከጨዋታ መጀመሪያ በፊት ሜዳውን ጥሎ መውጣቱ፣ በዚያው ዘመን የከተማዋን የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ይመራ የነበረውን ሰው ቢሮው ድረስ አስጠርቶ ከልጆቼ ራቅ ማለቱ ተነገረ። አስተናባሪው ርእሱ ተጫዋች እንጂ አሰልጣኝ አይደለም አለ፤ ልክ ነበር።

ምላሽ 27 ይህንኑ ደንብ ጥሶ ኋላ ቡድኑን ያሠለጠነውን ዩዊንግን በአሰልጣኝነቱ ወቀሰ፤ በ2021/22 የውድድር ዘመን ቡድኑ በቢግ ኢስት 19 ጨዋታ አድርጎ አንድም ሳያሸንፍ መቅረቱን ጠቅሶ፣ ይህን ያህል ውርደት ያመጣ ሰው አንደኛ ሊሆን አይችልም አለ። ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ ወረዱበት። አንዱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ማን እንደሆነ ጠየቀው፤ ሌላው በተጫዋችነትና በአሰልጣኝነት መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰው ክርክር ውስጥ መግባት እንደሌለበት ነገረው፤ ሦስተኛው አጸያፊ ቃል ጽፎ ተሰረዘበት።

የአይቨርሰን ጠበቆች ጥሩ ክርክር ያመጡት ዘግይተው ነው። ምላሽ 31፣ አይቨርሰንን አስቆጣሪ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው እንደሚሳሳት፣ ሁለቱንም ዓመት የቢግ ኢስት ምርጥ ተከላካይ መባሉን አስታወሰ። ምላሽ 32 ደግሞ የመጣበትን መንገድ ተረከ፤ በትውልድ ከተማው ሃምፕተን በአንድ የቦውሊንግ ማጫወቻ በተነሣ ጠብ ተከስሶ ገና በልጅነቱ ታሰረ፣ የቨርጂኒያ ገዥ ይቅርታ አደረጉለት፣ ኋላም ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ፤ ሌሎች አሰልጣኞች ሲሸሹት እናቱ ቶምፕሰን ዘንድ ሄደው ልጄን ተቀበልልኝ አሉ፣ ተቀበለውም። በ1996 ቡድኑን ከመጨረሻዎቹ ስምንት መካከል አድርሶት ለማሳቹሴትስ ተሸነፈ። ይህ ሁሉ ለአድናቆት ይበቃል። ለአንደኛነት ግን ሁለት ዓመት ይጎድለዋል፣ ቡድኑንም አንድ ጊዜ እንኳ ከመጨረሻዎቹ አራት መካከል አላደረሰም፤ ቢቆይ ኖሮ የሚለው ምላሽ 33 ያመጣው ክርክር ደግሞ በቁጥር የማይመዘን ነገር ነው።

ጄፍ ግሪንን የሚከላከል አንድ ብቻ ተገኘ፤ በ2007 ከቫንደርቢልት ጋር በ2.5 ሴኮንድ የቀረች ቅጽበት ያስገባት ኳስ ቡድኑን ወደ መጨረሻዎቹ አራት የሚወስደውን መንገድ እንደከፈተች አስታወሰ። ምላሽ 35 በዚያች ኳስ ላይ ግሪን እግሩን አላግባብ ማንሣቱን ሲያነሣ አሮጌ ቁስል ተነካና አምስት ምላሽ በዚያው አለቀ።

ከፋቹ በምላሽ 41 የተሻሻለ ዝርዝር ይዞ ብቅ አለ፦ ዩዊንግ፣ አይቨርሰን፣ ፍሎይድ፣ ሞርኒንግ፣ ሙቶምቦ። ምላሽ 2ን የጻፉት አባት አመሰገኑት፣ ፍሎይድን አንድ ደረጃ ከፍ ቢያደርገው ግን እንደሚመርጡ ነገሩት። ምላሽ 6ን የጻፈውም ተመለሰ። ሬጂ ዊሊያምስ ከዩዊንግ መሄድ በኋላ፣ በ1987፣ ስማቸው የማይታወቅ ጓደኞቹን ይዞ የቢግ ኢስት ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ቡድኑን ወደ መጨረሻዎቹ ስምንት ማድረሱን፣ በድምሩ 2,117 ነጥብ ማስቆጠሩን፣ ባልቲሞር ላይ በደንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሙግሲ ቦግስ ጋር የተጫወተ ልጅ መሆኑን ጻፈ። በኤን.ቢ.ኤ. ያን ያህል ስላልገነነ ብቻ ተረሳ፤ በጆርጅታውን መለያ ሚዛን ግን ከሙቶምቦ በፊት ይቀመጣል ነው የሚለው። እኔም ይህን እቀበላለሁ፤ አምስተኛው ቦታ የእርሱ ነው። ከፋቹ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠም።